ብርጋዴር ዳንኤል ሳንፎርድ፦ ከምዕራብ ግንባር እስከ ጎጃም
(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው ንግግር ላይ የቀረበ)



የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ በማስተምርበት ክፍል በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ አለኝ። «ዊንጌት ማን ነው?» ስል ብዙዎቹ «እንግሊዛዊ ጄኔራል» ብለው ይመልሳሉ። «ሳንፎርድስ?» ስል ግን መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ትምህርት ቤት»። ተማሪዎቼ ተሳስተዋል አልልም፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ነገር ግን ስሙ የመጣው ከመሥራቿ ከወይዘሮ ክሪስቲን ሳንፎርድ ሲሆን፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ባለቤታቸው ስለ ብርጋዴር ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ ነው። እኒህ ሰው በሁለት የዓለም ጦርነቶች የተዋጉ መድፈኛ መኮንን፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሙገር ገደል አፋፍ ላይ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። የምከራከርበትን ነጥብ ከወዲሁ ልግለጽ፦ ሳንፎርድ በሁለተኛው ጦርነት ለኢትዮጵያ ያበረከቱት ነገር የተገኘው ከጦር ትምህርት ቤት ሳይሆን በመካከል ካለፉት የእርሻና የጉርብትና ዓመታት ነው። በዚያው ምክንያት፣ ድሉ ሲገኝ፣ ለየትኛው መንግሥት እንደቆሙ ለመመለስ ከሁሉ ይልቅ የተቸገሩት እርሳቸው ሆኑ።

ቀኖችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የውጭውን ዓመት ስጠቅስ እ.ኤ.አ. ብዬ እለያለሁ።

ሳንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1882 በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ ከካህን ቤተሰብ ተወለዱ። በ18 ዓመታቸው በንጉሣዊው የምሽግ መድፈኛ ጦር ውስጥ መኮንን ሆኑ። የጊዜው ልማድ እንደነበረው ወደ ሕንድና ወደ ዔደን ተላኩ። ዔደን ለእኛ ቅርብ ናት፤ ከቀይ ባሕር ማዶ ቆሞ አፍሪካን የሚመለከት ወጣት መኮንን ፈቃድ ሲያገኝ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። ሳንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1907፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከዚያ በኋላ በሱዳን አስተዳደር ውስጥ አገለገሉ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል ደግሞ በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ቆንስላ ይሠሩ ነበር።

የመጀመሪያውን ጦርነታቸውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በፈረንሳይ ምድር በከባድ መድፍ ክፍል ተሰለፉ፤ ዲ.ኤስ.ኦ. የተባለውን የጀግንነት ኒሻንም ሁለት ጊዜ ተሸለሙ። የከባድ መድፍ ጦርነት ምን እንደሚመስል ግን ለአፍታ አስቡ። መድፈኛው የሚገድለውን ሰው አያየውም። ካርታ፣ የማዕዘን ስሌት፣ የስልክ ሽቦና ያለማቋረጥ የሚጓጓዝ ጥይት ነው ሥራው። ሰውየው በ58 ዓመታቸው የገቡበት ሁለተኛ ጦርነት የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነበር። ጥይት የለም፤ ካርታው የማይታመን ነው፤ ዋናው ሥራ የሰውን ፊት እያዩ መነጋገር ነው። ከመጀመሪያው ጦርነት ወደ ሁለተኛው ተሻግሮ የማየው አንድ ነገር ስም ብቻ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ጦርነቱ እንዳለቀ ሳንፎርድ ሠራዊቱን ትተው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። መጀመሪያ አቢሲኒያን ኮርፖሬሽን የሚባል የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ሳንፎርድ ግን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ የሙገር ገደል ቁልቁል በሚታይበት ሙሉ በተባለው ስፍራ መሬት ይዘው ማረስ ጀመሩ። ልጆቻቸውንም ያሳደጉት እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የታሪክ መጻሕፍት እነዚህን 15 ዓመታት በአንድ መስመር ያልፏቸዋልና። በደጋ አገር የሚያርስ ሰው አማርኛን ከመዝገበ ቃላት አይማርም። የጭሰኛን ክርክር ይሰማል፤ ከአጥቢያው ሹም ጋር ስለ ውኃና ስለ ግጦሽ ይነጋገራል፤ በዓል ሲሆን ይጠራል፤ ለቅሶ ሲሆን ይሄዳል። አንድ ባላባት «እሺ» ሲል መቼ እሺ ማለቱ እንደሆነ፣ መቼ ደግሞ በአክብሮት እምቢ ማለቱ እንደሆነ ይለያል። ከዚሁ ጋር ሳንፎርድ ከተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጋር ይተዋወቁ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በስተ ደቡብ ምዕራብ ለምትገኘው ለማጂ አስተዳደር አማካሪ አድርገው ሾሟቸው፤ በዚያ አካባቢ የነበረውን የባሪያ ንግድ ማስቆም ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ ነበር። ሥራው ሥር ሳይሰድ የኢጣልያ ወረራ ደረሰ። ሳንፎርድም እርሻቸውን ትተው ከነቤተሰባቸው ወደ እንግሊዝ ሄዱ።

በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት አቋም ምን እንደነበረ መዘንጋት የለብንም። እ.ኤ.አ. በ1938 ለንደን የኢጣልያን ወረራ በሕግ አውቃ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ባዝ በተባለችው ከተማ በስደት ተቀምጠዋል፤ በእንግሊዝ ሹማምንት ዓይን ጉዳያቸው ያለቀለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ በአውሮፓ ሲጀመር ግን በመካከለኛው ምሥራቅ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ዌቭል ነገሩን በሌላ መልክ አዩት። ኢጣልያ ከጀርመን ጋር ብትሰለፍ በምሥራቅ አፍሪካ ያላት ብዙ መቶ ሺህ ጦር ለሱዳን፣ ለኬንያና ለቀይ ባሕር አደጋ ነበር። ዌቭል ሳንፎርድን ወደ ካይሮ ጠርተው፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን የአርበኞች ትግል የሚያጠናክር ዕቅድ እንዲያዘጋጁ አዘዟቸው። ችግሩ ኢጣልያ ገና ጦርነት ያላወጀች መሆኗ ነበር፤ የሱዳን ባለሥልጣናት እርሷን የሚያስቀይም ነገር እንዲደረግ አልፈለጉም። የሳንፎርድ የመጀመሪያ ተቃዋሚ ኢጣልያ አልነበረችም፤ የካርቱም ቢሮዎች ነበሩ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ጦርነት አወጀ። ንጉሠ ነገሥቱም ብዙ ሳይቆዩ ከእንግሊዝ ተነስተው ካርቱም ደረሱ። ነሐሴ 6 ቀን ሳንፎርድ ከጥቂት እንግሊዛውያንና ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የሱዳንን ወሰን ተሻግረው ወደ ጎጃም ገቡ። የቡድኑ ስም «ተልዕኮ 101» ነበር። ቅድም ስለ ስም ያነሳሁት ይህንን ነው፤ 101 ማለት ሲጋጭ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ማቀጣጠያ መለያ ቁጥር ነው። አንድ የድሮ መድፈኛ ለአመፅ ማቀጣጠያ የመረጠው ስም ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ማቀጣጠያ በራሱ ፈንጂ አይደለም። ፈንጂው፣ ማለትም ለዓመታት የተዋጋው አርበኛ፣ ቀድሞውኑ ጎጃም ውስጥ ነበር።

ጊዜው ክረምት ነው። ወንዝ ሞልቷል፤ የጭነት ከብት በጭቃ ይቀራል፤ ወባ አለ። የኢጣልያ ጦር መንገዶችን ይጠብቃል። ከኋላ እንዲከተሉ ከታሰቡት መካከል አውስትራሊያዊው አርኖልድ ዊንሆልት በዚያው ክረምት መጨረሻ ላይ ተገደሉ። ሳንፎርድ ግን አልፈው ፋጉታ በተባለው የጎጃም ደጋ ሰፈሩና ሥራቸውን ጀመሩ።

ሥራው ምን ነበር? ብዙ ሰው ጠመንጃ ማደል ይመስለዋል። ጠመንጃው ነበረ፤ ነገር ግን መጀመሪያ የመጣው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ አሮጌ መሣሪያ ስለነበረ፣ ከጠላት የተሻለ ማርኮ ለታጠቀ አርበኛ ስጦታ ሳይሆን ስድብ ነበር። ጠገራ ብርም ነበረ፤ እርሱ ይረዳል እንጂ አያዋጋም። ከሁሉ የሚከብደው በአርበኞች መሪዎች መካከል ያለውን ፉክክር ማርገብ ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሁለቱም በገዛ ኃይላቸው ጠላትን ለዓመታት የተዋጉ፣ ሁለቱም ብዙ ሰው የሚከተላቸው፣ ግን እርስ በርሳቸው የማይተማመኑ መሪዎች ነበሩ። አንደኛው መሣሪያ ቢያገኝ ሌላው ነገ በእኔ ላይ ይተኩሰዋል ብሎ ይሰጋል። ሳንፎርድ ሁለቱን አነጋግረው በጋራ ጠላት ላይ እንዲተባበሩ አስማሟቸው።

ይህን ስናገር ሥራውን ሁሉ ለአንድ ፈረንጅ መስጠት ትልቅ ስህተት ይሆናል። በጎጃም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩት አዛዥ ከበደ ተሰማ ናቸው። የግርማዊነታቸው ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ የሚያስነብቡ፣ ማዕረግ የሚያስታውቁ፣ ቂምን በአገር ደንብ የሚያስጥሉ እርሳቸው ነበሩ። በኋላ «የታሪክ ማስታወሻ» በሚል ርዕስ የጻፉት መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ትረካዎችን ለሚያነብ ሰው የግድ አስፈላጊ ማረሚያ ነው። ጌታሁን ተሰማም ከተልዕኮው ጋር ነበሩ። የሳንፎርድ ችሎታ እነዚህ ሰዎች ይሠሩት ዘንድ የሚገባውን ሥራ አለመንካት ላይ ነው። የውጭ አማካሪ ሆኖ ይህን የሚችል ሰው ብዙ አላየንም።

ኅዳር 1933 ዓ.ም. ላይ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ጎጃም ውስጥ ሳከላ ላይ አረፈች። የወረዱት ሜጀር ኦርድ ዊንጌት ነበሩ። 37 ዓመታቸው ነው፤ ለኢትዮጵያ ነጻነት ያላቸው ስሜት እውነተኛ ነው፤ ጠባያቸው ግን እሳት ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ነገር ላይ ሙሉ በሙሉ ይስማሙ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በአካል ወደ አገራቸው መግባት አለባቸው። በሌላው ሁሉ ተለያዩ። ዊንጌት መሣሪያ በየቦታው መበተን ከንቱ ነው ይሉ ነበር፤ ጥቂት የሠለጠነ ጦር በድፍረት ቢዋጋ አርበኛው አርአያውን አይቶ ይከተላል። ሳንፎርድ በበኩላቸው አርበኛው አርአያ አያስፈልገውም የሚል አቋም ነበራቸው፤ አምስት ዓመት ተዋግቶ አሳይቷል፤ የሚጎድለው የተሻለ መሣሪያ፣ መተባበርና የንጉሡ መመለስ ነው።

ማን ትክክል ነበር? ሁለቱም በከፊል፤ ነገር ግን ሚዛኑን የያዙት ሳንፎርድ ይመስሉኛል። የዊንጌት «ጌዴዎን ጦር» ሁለት ሺህ እንኳ የማይሞላ ሱዳናዊና ኢትዮጵያዊ ወታደር ይዞ በጎጃም ከ30,000 በላይ ይገመት የነበረውን የጠላት ጦር ማስለቀቁ እውነትም አስደናቂ ነው። ዊንጌት በድፍረትና በማታለል የተካኑ ነበሩ። ሆኖም ጠላት ከምሽጉ ሲወጣ በየገደሉ የሚጠብቀው አርበኛ ባይኖር ኖሮ ማታለሉ ማንን ያስፈራ ነበር? የኢጣልያ አዛዦች የሸሹት ከሁለት ሺህ ሰው ሳይሆን ከመላው አገር ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኡም ኢድላ ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ አውለብልበው ወደ አገራቸው ገቡ። ጥር 27 ቀን የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን በምክር ቤት ቀርበው መንግሥታቸው ነጻ የሆነች ኢትዮጵያ ዳግም መታየቷን በደስታ እንደሚቀበል፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንም የዙፋን መብት እንደሚያውቅ ገለጹ። በየካቲት መጀመሪያ የሥራ ድርሻ ተከፈለ፤ ጦሩን ዊንጌት እንዲያዙ፣ ሳንፎርድ ደግሞ በብርጋዴር ማዕረግ የንጉሠ ነገሥቱ የፖለቲካና የጦር አማካሪ እንዲሆኑ ተወሰነ። ኢጣልያኖች በበኩላቸው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ወደ ደብረ ማርቆስ መልሰው የጎጃምን የባላባት ስሜት ለመቀስቀስ ሞከሩ፤ ሙከራው ብዙም አልሠራላቸውም። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ዕለት ከኬንያ የመጣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ያዘ።

ከዚህ በኋላ ያለው ወር ለሳንፎርድ ከክረምቱ ጉዞ የከፋ ነበር ብዬ አምናለሁ። አዲስ አበባ ነጻ ወጥታለች፤ ንጉሧ ግን ደብረ ማርቆስ እንዲቆዩ ተነግሯቸዋል። የተሰጠው ምክንያት በከተማዋ ያሉ ብዙ ሺህ የኢጣልያ ሲቪሎች ደኅንነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አዩት፤ ባያዩትም ይገርም ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን፣ ኢጣልያኖች ከተማዋን በያዙ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ወደ ዋና ከተማቸው ገቡ።

ግንቦት 3 ቀን ሰባት ሚኒስትሮችን ሾሙ። የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ተቃወመ። የያዙት የሕግ ክርክር ይህ ነበር፦ ኢትዮጵያ ከጠላት የተያዘ ግዛት ናት፤ ከኢጣልያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሡ ሙሉ ሥልጣን ሊይዙ አይችሉም። ይህን ለንጉሠ ነገሥቱ የነገሯቸው የአስተዳደሩ ምክትል የፖለቲካ ሹም ብርጋዴር ሞሪስ ላሽ ናቸው። አሁን አንድ ነገር ልጨምር። ሞሪስ ላሽ የወይዘሮ ክሪስቲን ሳንፎርድ ወንድም ነበሩ።

እስቲ ሁኔታውን አስቡት። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ብርጋዴሮች አሉ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት የእንግሊዝ የጦር ልብስ ለብሰዋል፤ የአንዱ እኅት የሌላው ሚስት ናት። አንዱ ንጉሠ ነገሥቱን ገና ሥልጣን የለዎትም ይላሉ፤ ሌላው ለዚያው ንጉሠ ነገሥት መልሱን እንዴት እንደሚጽፉ ያማክራሉ። በቤተሰብ ገበታ ላይ ምን እንደተባለ ማወቅ ባይቻልም፣ ጠቡ የሰዎች ጠብ እንዳልነበረ ግን ግልጽ ነው። ላሽ ክፉ ሰው ስለነበሩ አይደለም የተቃወሙት፤ የሚያገለግሉት ቢሮ የተቋቋመው የተያዘ ግዛት ለማስተዳደር ነው። ሳንፎርድ ደግሞ አርበኞቹን ፋጉታ ላይ ሲያነጋግሩ፣ የምንዋጋው ንጉሣችሁን ለመመለስ ነው ብለው ቃል የሰጡ ሰው ናቸው። ያ ቃል ጠብ ቢል በእርሳቸው ስም ነው ጠብ የሚለው።

በዚህ ምክንያት ሳንፎርድ በሁለቱም በኩል መጠርጠራቸው አልቀረም። ከአንዳንድ እንግሊዛውያን ዘንድ «ከኢትዮጵያውያን የበለጠ ኢትዮጵያዊ ሆኗል» የሚል ዓይነት ሐሜት ነበር። ዊንጌት በዘመቻው ላይ ባቀረቡት ሪፖርትም ተነቅፈዋል። በኢትዮጵያውያን በኩል ደግሞ የማይካድ አንድ ሐቅ ነበር፤ ሳንፎርድ የኢትዮጵያን ነጻነት ቢደግፉም፣ ነጻዪቱ ኢትዮጵያ በእንግሊዛውያን አማካሪዎች ብትታገዝ ይጠቅማታል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት በቅን ልብ የተያዘ ቢሆንም ለንጉሠ ነገሥቱ አደገኛ ነው፤ ከሞግዚትነት ጋር ያለው ልዩነት ቀጭን ነውና። እኔ ሳንፎርድን ሳከብር ይህን አልሸፍንም።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት የዚህ ሁሉ ክርክር ውጤት ነው። ስምምነቱ ኢትዮጵያን ነጻ መንግሥት ብሎ አወቀ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ እርዳታ ፈቀደ። በአንጻሩ የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች ዲፕሎማቶች ቅድሚያ እንዲያገኝ አደረገ፤ ኦጋዴንና የምድር ባቡሩ መስመር በእንግሊዝ ጦር እጅ ቀሩ። ግማሽ ነጻነት ነው ያሉት አልተሳሳቱም። ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ስምምነት ተሻሽሏል። ሆኖም በ1933 ዓ.ም. ግንቦት ላይ «የተያዘ የጠላት ግዛት» ከነበረው አቋም ጋር ስናነጻጽረው፣ በስምንት ወር ውስጥ የተሄደው መንገድ ረጅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሳንፎርድ ሥራ ጸጥ ያለ ነው፤ ለታሪክ ተማሪ ግን ከጦርነቱ ያልተናነሰ ቁም ነገር አለው። በአገር ግዛት ሚኒስቴር አማካሪ ሆኑ። በ1934 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ የጠቅላይ ግዛት ገዢዎች በራሳቸው ስም ግብር እንዳይሰበስቡ፣ የራሳቸውን ጦር እንዳያቆሙ፣ ከመንግሥት ደመወዝ እንዲቀበሉ አደረገ። የመሳፍንቱን የግል ኃይል ለመስበር ከወጡት ሕጎች መካከል ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። ሚኒስቴሩ ይህን ሲያዘጋጅ ሳንፎርድ እዚያው ነበሩ። ቀጥሎም የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዋና ዳይሬክተር ሆነው እስከ 1940 ዓ.ም. ገደማ አገለገሉ። መድፈኛው፣ የአርበኞች አስታራቂው፣ ስለ ከተማ ውኃና ስለ መንገድ ጥርጊያ የሚጨነቁ ሹም ሆኑ ማለት ነው።

ዊንጌት ጦርነቱ እንዳለቀ በሳምንታት ውስጥ ከኢትዮጵያ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በበርማ ዘመቻ ላይ ሳሉ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ወጣት ሆነው ስለሞቱ፣ ጄኔራልም ስለነበሩ፣ ስማቸው ጎልቶ ቀረ። ሳንፎርድ ወደ ሙሉ እርሻቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ክሪስቲን ቅድም ያነሳነውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ ኢትዮጵያም ሁለት መጻሕፍት ጻፉ። ብርጋዴሩ በጥር 1964 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው በዚሁ በኢትዮጵያ አረፉ። የገጠር መሬትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ የወጣው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው።

ሰዓቱ አልፏል፤ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። ስለ መንገሻ ጀምበሬና ስለ ነጋሽ በዛብህ ያላችሁ የቤተሰብ ትዝታ ካለ ደግሞ ከጥያቄ ይልቅ እርሱን ብሰማ ደስ ይለኛል።